ለዘገየ አውሮፕላን ማን ይከፍላል

«እባክዎ እዚህ ሰው መሃል አይጠይቁኝ» አለች ሴትዮዋ በሹክሹክታ። «የዚህን ወር ይዣለሁ። የሚቀረውንም ቢሆን አልክድም።»

ጸደንያ ለሌላ ሰው የተነገረ መስሏት ዘወር አለች። ከጀርባዋ ግን የሚኒባሱ መስኮት እንጂ ሰው አልነበረም። ሴትዮዋ አምቡሊ ከሚባለው ሰፈር ተሳፍራ ከጎኗ ከተቀመጠች ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላትም። ዓይኖቿ ከጸደንያ ደረት ላይ አልነቀል ብለዋል። እዚያ የተንጠለጠለው የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ላይ አንድ መርከብና አንድ አውሮፕላን ተስለዋል።

«ይቅርታ፣ እኔን ነው?» አለች ጸደንያ።

«የአየር መንገዱ ሰው አይደሉም?»

«አይደለሁም። ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ ነው የምሠራው፤ የጭነት ሰነድ አዘጋጃለሁ።»

ሴትዮዋ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። «ወይ ጉዴ! እኔ እኮ ለዕዳው የመጣሽ መስሎኝ ነው።»

ጸደንያ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። አባቷም አያቷም እዚሁ ጅቡቲ የኖሩ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ በጥሩ ውጤት ብትመረቅም፣ ዓይነ አፋርነቷን ትምህርቱ አላስለቀቃትም፤ መውረጃዋ ሲደርስ «ወራጅ» ማለት ስለምታፍር ሌላ ሰው እስኪያስቆም ጠብቃ፣ የቀረውን መንገድ በእግሯ የምትመለስባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ያለች ልጅ የማታውቀውን ሰው ስለ ዕዳው አትጠይቅም። የሴትዮዋን እጆች ግን አየች። ጣቶቿ በሳሙና ተልጠዋል።

«የምን ዕዳ ነው እትዬ?»

ሴትዮዋ ስሟ አሰገደች እንደሆነ ነገረቻት። በአንድ የፈረንሳውያን ቤተሰብ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። በክረምቱ ሕፃናቱን እንድትጠብቅ ፓሪስ ወስደዋት ነበር። እነሱ እዚያው ሲቆዩ እርሷን አስቀድመው ላኳት። ጠዋት ሊነሳ የነበረው አውሮፕላን የተነሳው በማግስቱ ነው፤ ጅቡቲ የደረሰችው ሃያ አንድ ሰዓት ዘግይታ ነው።

«ሃያ አንድ ሰዓት!»

«ኧረ ተይው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ አስቀመጡን። ሲመሽ ሆቴል ወሰዱን። ነጭ አንሶላ፣ ለብቻዬ መታጠቢያ ቤት። ዶሮ አቀረቡልኝ፣ በላሁ። ጠዋት ደግሞ ቁርስ በላሁ።» አሰገደች ራሷን ነቀነቀች። «ምነው ያን ዶሮ ባልበላሁት! ሲሸኙን አንድ ወረቀት ሰጡን። ፈረንሳይኛ ማንበብ አልችልም፤ ጋሼ ዘውዱ አነበቡልኝ። ስድስት መቶ ዩሮ ክፈይ ይላል አሉኝ። መቶ ሃያ ሺህ ፍራንክ ያህል ነው። አየር መንገዱ ሲጠይቅ ባንዴ እንዲከፍሉልኝ በየወሩ ሃያ ሺህ እሳቸው ጋ አስቀምጣለሁ። ዛሬ አምስተኛው ነው። ለዚሁ ስል በዕረፍት ቀኔ አምቡሊ ሰው ቤት ልብስ አጥባለሁ።»

ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ልጄ እንቁ ድሬዳዋ ነርስነት ትማር ነበር። የምልክላት ሲቀር ትምህርቱም ቀረ። በመጪው ሐሙስ ምዝገባ ይዘጋል። ያ ካለፈ ቦታዋን ለሌላ ይሰጡባታል። እማዬ ለምን ብትለኝ፣ የፈረንጅ ዕዳ አለብኝ አልኳት። ምን ልበላት?»

አሰገደች ከቦርሳዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥታ ሰጠቻት። ጸደንያ የመጀመሪያውን መስመር አነበበች። ሁለተኛውን አነበበች። ተመልሳ የመጀመሪያውን አነበበች። ክው አለች። ወረቀቱ «ክፈይ» አይልም። አውሮፕላን ሲዘገይ ተሳፋሪ ምን የማግኘት መብት እንዳለው የሚያስረዳ ማስታወቂያ ነው፤ ስድስት መቶ ዩሮውን የሚከፍለው አየር መንገዱ ነው።

ይህን ወዲያው ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ወረቀቱን ያነበቡት አቶ ዘውዱ ናቸው። ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር አቶ ዘውዱ ምን ማለት እንደሆኑ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። አርባ ዓመት የጅቡቲና የአዲስ አበባ ባቡር የጭነት ክፍል ጸሐፊ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ በትንሿ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቃቸው ሆነው የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሆስፒታል ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ ለሰው ሁሉ ያለ ክፍያ ያነባሉ። ጸደንያንም በልጅነቷ በስኳር ሣጥን ላይ አስቀምጠው የፈረንሳይኛ ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ተሳሳቱ ከምትል እኔ ማንበብ ረሳሁ ብትል ይቀላት ነበር።

«እትዬ አሰገደች» አለች በመጨረሻ፣ «አሁን ወደ እሳቸው ነው የሚሄዱት? አብሬዎት ብመጣ ቅር ይልዎታል?»

አቶ ዘውዱ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጠው እርሳስ ይቀርጹ ነበር። ሁለቱን ሴቶች ሲያዩ ተነሱ።

«ኧረ ጸደንያ! አንቺ ልጅ ምን ሆነሽ ጠፋሽ? መርከብ ጭኖሽ ሄደ እንዴ? አሰገደች፣ ግቢ ልጄ፣ ግቢ። የት ተገናኛችሁ?»

«ሚኒባስ ላይ ነው ጋሼ» አለች ጸደንያ። ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «ስለዚህ ወረቀት ልጠይቅዎት ነበር።»

«ምኑን ትጠይቂኛለሽ? ፈረንሳይኛ ረሳሽ?»

«አልረሳሁም ጋሼ። ከእርስዎ የተማርኩትን አልረሳሁም። ይህ ወረቀት ግን እትዬ አሰገደች ይክፈሉ አይልም። ይከፈላቸው ነው የሚለው።»

አሰገደች አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ ሽማግሌውን አየች። አቶ ዘውዱ ሳቁ።

«ይከፈላት? ስሚ ልጄ። አርባ ዓመት ባቡር ላይ ነበርኩ። ባቡራችን ቀን ይዘገያል፣ ሁለት ቀን ይዘገያል። ተሳፋሪው ሲደርስ ምን ያደርግ እንደነበር ታውቂያለሽ? መሬት ስሞ ለነጂው እንቁላል ይሰጥ ነበር! ለመዘግየቱ የሚከፍል ድርጅት በየትኛው አገር አየሽ?»

«አውሮፓ ውስጥ ሕግ ነው። ከዚያ የተነሳ አውሮፕላን ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ከደረሰ፣ የዘገየበት ምክንያት ከድርጅቱ አቅም በላይ ካልሆነ፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ካሳ ይከፈላል። ከፓሪስ ጅቡቲ ላለ ርቀት ስድስት መቶ ዩሮ ነው። እያንዳንዱ አገር የየራሱ ደንብ አለው፤ የሁሉም እንዲህ ነው አልልም። የእትዬ አሰገደች ጉዞ ግን በዚህ ሕግ ሥር ነው።»

«እሺ ሆቴሉስ? ዶሮውስ?» አቶ ዘውዱ በእርሳሱ ባንኮኒውን መታ መታ አደረጉ። «አብልተው፣ አጠጥተው፣ በነጭ አንሶላ አስተኝተው፣ ሲያበቃ ደግሞ ስድስት መቶ ዩሮ አስይዘው ይሸኟታል? ምኗ ናቸው? የሰርግ እንግዳቸው ናት?»

«እኔም እሱን እኮ ነው የምለው» አለች አሰገደች። «የሰው ምግብ በልቼ እንዴት መልሼ አምጡ እላለሁ? ይሉኝታ የለኝም?»

«ምግቡና መኝታው ግዴታቸው ነው እትዬ። ሰውን አስቀርተው ደጅ ሊያሳድሩት አይችሉም። ካሳው ደግሞ ለጠፋው ጊዜ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።»

«ታዲያ ቲኬቱን የገዙት አሠሪዬ ማዳም ናቸው። ቢከፈልም የሳቸው ነው። አሰገደች ከጀርባዬ ገንዘቤን ጠየቀች ቢሉ አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበት ቤት በአንድ ቀን ይዘጋብኛል።»

«ቲኬቱን ማንም ይግዛው። የሚከፈለው ለተጓዡ ነው። ሃያ አንድ ሰዓቱን የጠበቀው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማዳም አብረው ነበሩ?»

«ማዳምማ ባሕር ዳርቻ ነበሩ። ወገቤን የታመምኩት እኔው ነኝ» አለች አሰገደች፤ ሳትፈልግ ፈገግ አለች።

አቶ ዘውዱ በቀላሉ የሚለቁ ሰው አልነበሩም። ባለሙያ ሰው የሠራበትን ዘመን ሥርዓት እንደ ተፈጥሮ ሕግ ያየዋል፤ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፣ ተሳፋሪም ይከፍላል። እሳቸው ዘንድ ሁለቱ እኩል እውነት ነበሩ። ስለዚህ ከምድር ወደ ሰማይ ወጡ።

«ሰማይ የእግዚአብሔር ነው» አሉ። «ነፋሱም፣ ማዕበሉም የሱ ነው። በሱ ሥራ ሰው ይከሰሳል?»

«አይከሰስም። ማዕበል ከሆነ ሕጉም አያስከፍላቸውም። እትዬ፣ ለምን ዘገየን አሏችሁ?»

«የሚያበሩት ሰዎች አልተሟሉም አሉን። ሠራተኛ ጎደለ ነው። ሌሎቹ አውሮፕላኖች ሲነሱማ በመስታወቱ እናያለን። ፀሐይ ነበር።»

«ሠራተኛ ማሟላት የእግዚአብሔር ሥራ ነው ጋሼ?»

ጸደንያ ይህን ከተናገረች በኋላ በራሷ ድምፅ ደነገጠች። ለአቶ ዘውዱ እንዲህ የመለሰላቸው ሰው አይታ አታውቅም። ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ከባንኮኒው ፈቀቅ አለች፤ ቀጥላ ስትናገር ወደ ወለሉ እያየች ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ በየቀኑ የምሠራው ይህንኑ ስለሆነ ነው። ኮንቴይነር ሲዘገይ ባለዕቃው ካሳ ይጠይቃል። ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ማንም ነውር ነው ብሎን አያውቅም፤ ተከራክረውም ቢሆን ይከፍላሉ። እርስዎስ ጭነት ክፍል ሳሉ፣ ዕቃ ዘግይቶ ሲበላሽ ምን ታደርጉ ነበር?»

አቶ ዘውዱ መልስ ከመስጠታቸው በፊት እርሳሱን አስቀመጡ።

«እንከፍላለን» አሉ። «ቅጽ ነበረው። አንድ ጊዜ ከድሬዳዋ የተጫነ ቲማቲም መንገድ ላይ ሁለት ቀን ቆሞ ፈሰሰ። ለነጋዴው የተከፈለው በኔ ፊርማ ነው።»

«ለቲማቲሙ ተከፈለ።»

«ለቲማቲሙ ተከፈለ።»

«በዚያው ባቡር ላይ ሰው አልነበረም?»

አቶ ዘውዱ መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር ፊታቸው ያረጀና ራቁቱን የቀረ ይመስል ነበር። ወደ መንገዱ አዩ።

«ነበረ» አሉ። «ሦስት መቶ ያህል ሰው ነበረ። አንዲት እርጉዝ ነበረች። ውሃ ስትለምን ሰምቻታለሁ። እኔ ቲማቲሙን እየመዘገብኩ ነበር።» ቆም አሉ። «ስንት ሣጥን እንደፈሰሰ ዛሬም አውቃለሁ። የሴትዮዋን ስም ግን አልጠየቅኩም። ለምን አልጠየቅኩም?»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ፤ ወረቀቱን አነሱና ከላይ እስከ ታች፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ለልጆች እንደሚያነቡት ቀስ ብለው በፈረንሳይኛ አነበቡት። አንዲት ቃል አልሳቱም። ሲጨርሱ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ መልሰው አስቀመጡት።

«ያን ቀንም እንዲህ ነው ያነበብኩት» አሉ።

ጸደንያ የሰማችውን ማመን አቃታት። «ምን አሉ ጋሼ?»

«አንብቤዋለሁ እኮ ነው የምልሽ። ይከፈላት ነው ያለው፤ በትክክል ገብቶኛል። ግን አላመንኩትም። እርጅና መጣ፣ ፈረንሳይኛው ከዳኝ አልኩ። ድርጅት ለተሳፋሪ ገንዘብ ያወጣል ከምል፣ ዓይኔ ገልብጦ አየ ማለት ቀለለኝ። ሌላ ሰው ልጠይቅ አሰብኩ። ደግሞ ዘውዱ ወረቀት አስነበበ ልባል ነው ብዬ አፈርኩ። እና ልክ ይሆናል ያልኩትን ነገርኳት።»

አሰገደች የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ስትናገርም አልጮኸችም፤ መጮኋ ይሻል ነበር።

«ጋሼ፣ ልጄ አራት ወር ቤት ተቀምጣለች።»

«አውቃለሁ።»

«የጓደኞቿን ደብተር እየተዋሰች ትገለብጣለች። ወደ ፊት እመለሳለሁ ብላ።»

አቶ ዘውዱ ወደ ጓዳ ገብተው በክር የታሰሩ አራት ፖስታዎች ይዘው ወጡ። እያንዳንዱ ላይ በሚያምር የጸሐፊ እጅ ስሟና ወሩ ተጽፏል። አንዱም አልተከፈተም። በሁለት እጃቸው አቀረቡላት፤ ከዚያ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው ሰው ወደ ካርቶኑ ጎንበስ ብለው «ማሪኝ» አሏት።

አሰገደች ደንግጣ ብድግ አለች። «ኧረ በስመ አብ! ጋሼ፣ አይጎንበሱብኝ!» አለች። ትከሻቸውን ይዛ ቀና አደረገቻቸው። ምሬያለሁ ግን ያን ጊዜ አላለችም።

እዚህ ላይ ታሪኩን ገታ አድርጎ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። አቶ ዘውዱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያልተማሩም አይደሉም። የጎደላቸው አንድ ነገር ነው፤ ተራ ሰው መብት ሊኖረው ይችላል ብሎ ማሰብ። ብዙዎቻችን እንደሳቸው ነን። ማኅተም ያለበት ወረቀት ስናይ ምን አጠፋሁ እንላለን እንጂ ምን ይገባኛል አንልም። በወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ሳንጠራጠር በራሳችን ላይ እንጽፈዋለን። ድርጅቶችም ይህን ዝምታችንን ያውቁታል፤ ካልጠየቅናቸው ቤታችን ድረስ መጥተው አይከፍሉንም።

«በሉ እንጻፍ» አሉ አቶ ዘውዱ፤ አዲስ ወረቀት አወጡ። «በታላቅ ትሕትናና አክብሮት፣ ከእግርዎ ሥር ወድቄ...»

«ጋሼ፣ እግር ሥር መውደቅ አያስፈልግም» አለች ጸደንያ።

«ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ የት አገር አለ?»

«አንድ መስመር ሰላምታ ይበቃል። ከዚያ ስማቸው፣ የበረራው ቁጥር፣ ቀኑ፣ የዘገየበት ሰዓት፣ ሕጉ፣ የሚጠይቁት ገንዘብ። የፓስፖርት ቅጂና የመሳፈሪያ ወረቀቱ ይያያዛል። እትዬ፣ መሳፈሪያ ወረቀቱን አልጣሉትም?»

«እንዴት እጥለዋለሁ? የዕዳዬ ማስረጃ ነው ብዬ ደብቄዋለሁ።»

«ጥሩ አደረጉ። ማስረጃነቱስ እውነት ነው፤ የዕዳው ባለቤት ብቻ ነው የተለወጠው። ገንዘቡ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ በስምዎ አለ?»

አልነበራትም። ማዳም ደመወዟን በእጅ ይሰጧታል፤ እርሷም ሰው ጋ ታስቀምጣለች። ጸደንያ በዕረፍት ሰዓቷ ከእርሷ ጋር ባንክ ልትሄድ ቃል ገባች። ከዚያ ቀጥላ አስረዳቻት፤ አየር መንገዱ በጥሬ ገንዘቡ ፈንታ የጉዞ ኩፖን ቢያቀርብ የመቀበል ግዴታ የለባትም። እምቢ ካሉ ወይም ሁለት ወር ዝም ካሉ ጉዳዩን የሚያይ ሌላ አካል አለ። ከካሳው ድርሻ ወስደው የሚያስፈጽሙ ሰዎችም አሉ፤ ደብዳቤውን ግን ማንም ሰው በራሱ፣ ያለ ክፍያ መጻፍ ይችላል።

«ማዳምስ?» አለች አሰገደች።

«ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከእርስዎ ይስሙ። አይደብቁ፤ ፈቃድም አይጠይቁ። ይንገሯቸው ብቻ።»

«ፈቃድ ሳልጠይቅ መንገር» አለች አሰገደች ለራሷ፤ እንደ አዲስ ምግብ እየቀመሰችው።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ሆነ። አቶ ዘውዱ በእጃቸው ገለበጡት፤ ከአንዱ የሰላምታ መስመር በተጨማሪ ሌላ ግማሽ መስመር አሹልከው አስገቡበት። አሰገደች ስሟን በላቲን ፊደል መጻፍ ስለማትችል በአማርኛ ፈረመች። ጸደንያ በስልኳ አንስታ ላከችው።

እሑድ ዕለት የአራቱ ፖስታዎች ገንዘብ ከአምስተኛው ጋር ድሬዳዋ ተላከ። እንቁ ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ተመዘገበች። ማዳም ነገሩን ሲሰሙ በመጀመሪያ ፊታቸው ተለወጠ፤ ወረቀቱን አስመጥተው አንብበው ግን «ያንቺ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ደመወዟን በባንክ ሒሳቧ ያስገባሉ፤ አሰገደችም አምቡሊ ልብስ ማጠቡን ትታ ዓርብ ዓርብ ታርፋለች። አየር መንገዱ መጀመሪያ ኩፖን እንስጥሽ ብሎ ጻፈ። ሁለተኛ ደብዳቤ ተላከለት። በሦስተኛው ወር ስድስት መቶ ዩሮ በአሰገደች ስም ገባ፤ የእንቁ የዓመቱ ክፍያ በሱ ተሸፈነ።

ገንዘቡ በገባ ሳምንት አቶ ዘውዱ ጸደንያ ቤት መጡ። ባለፉት ዓመታት ወረቀት ያነበቡላቸውን ሰዎች ስም እያስታወሱ ጽፈው ነበር፤ አርባ ሦስት ስም ሆነ። የትኛውን በትክክል እንዳነበቡ፣ የትኛውን ደግሞ አላምን ብለው እንደገለበጡ እርግጠኛ አልነበሩም። የመጀመሪያዋ ባልባላ ሰፈር የምትኖር ዓለምነሽ የምትባል ሴት ነበረች። ሁለቱም ሚኒባስ ተሳፍረው ወረቀቷን ዳግም ሊያነቡላት ወደ እርሷ ሄዱ።